በቁልቢ መንገድ ዳር ለማገልገል ለምታስቡ

ታኅሣሥ 19 የሚከበረውን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ብሎ ከድሬዳዋ በእግሩ ወደ ቁልቢ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ደብሩ ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ስእለታቸውን ለመፈጸም ያሠሩት ነው፤ ዛሬም የሚሄደው ሰው አብዛኛው ባለ ስእለት ነው። ልጅ ያገኘች እናት ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ትሄዳለች፣ ከሕመም የዳነ ጃንጥላ ወይም ጧፍ ይዞ ይሄዳል። በመንገዱ ዳር ደግሞ ውሃ፣ ንፍሮና ሻይ ይዘው የሚቆሙ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ የጽዋ ማኅበራት፣ የሰፈር ልጆች አሉ። ይህ ጽሑፍ ዘንድሮ ከነሱ ጋር ልትቆሙ ላሰባችሁ ነው።

አገልግሎት ደስ ይላል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሃው አልቆ፣ ዳገቱን ወጥተው የመጡ እናት ባዶ ኩባያ ይዘው ሲያዩዋችሁ ደስ አይልም። ያዘነ አገልጋይ ይቆጣል፤ የተቆጣ አገልጋይ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። ብዙ ሰው ደስታው የጠፋበት በልቡ ድክመት ይመስለውና ራሱን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ጀሪካን ነው፣ ወይም እንቅልፍ፣ ወይም ለራሱ ለአገልጋዩ የሚበላ ነገር። ስለዚህ ነገሩን ከስሌት እንጀምር።

መጀመሪያ ውሃ። አንድ ሺህ ሰው በእናንተ በኩል ያልፋል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ በሰው ሁለት ኩባያ፣ ኩባያው 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ 400 ሊትር ያስፈልጋል። ይህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ነው። እዚህ ላይ ሁሉም የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ለመጠጡ እንጂ ለማጠቢያው አያስብም። የሺህ ሰው ኩባያ ሌሊቱን ሙሉ ሲታጠብ ከሚጠጣው የማይተናነስ ውሃ ይወስዳል። ለብቻው ካልተያዘ እኩለ ሌሊት ላይ አንዱ ሳያውቅ ከመጠጡ ጀሪካን ወደ ሳፋው ይገለብጣል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ያልቃሉ። ስለዚህ 20 ጀሪካን ለመጠጥ፣ 20 ለማጠቢያ። የማጠቢያዎቹ አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር፤ በጨለማ ቀለም አይለይም፣ ጨርቅ ግን በእጅ ይዳሰሳል። 40 ጀሪካን ውሃ 800 ኪሎ መሆኑን አትርሱ፤ መኪና ሰጪው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ድሬ ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በዋዜማው ቧንቧ ይኖራል ብሎ መተማመን አይቻልም። ሦስት ቀን ቀድማችሁ ከየቤቱ ሙሉ። ጀሪካኑ ዘይት ወይም በረኪና የነበረበት ከሆነ ለመጠጥ አይሆንም፤ ስንቴም ቢታጠብ ሽታው ይመለሳል። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ የምትጨምሩ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ አድርጉና ከመቅዳታችሁ በፊት 30 ደቂቃ ጠብቁ። ለመቅጃ ጆግ ወይም ቧንቧ ያለው ባልዲ ተጠቀሙ፤ ኩባያ ወደ ጀሪካን ወይም ወደ በርሜል አይነከርም። አንድ እጅ ከገባ የሁሉም ሆድ ነው።

ኩባያው 60 ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ በሳሙና ሳፋ፣ ቀጥሎ በማለቅለቂያ ሳፋ አሳልፎ በአፉ ደፍቶ ማድረቅ ነው፤ በፎጣ አይወለወልም፣ ፎጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ከኩባያው ይበልጥ ይቆሽሻል። የሚጣል ኩባያ ሥራ ያቀልላል፤ ግን ጠዋት ላይ መንገዱን ማየት ነው። ነፋሱ ወደ ገበሬው ማሳ ይወስደዋል፣ ፌስታልና ፕላስቲክ የበላ ከብት ደግሞ ሆዱ ተዘግቶ ይሞታል። የዚያ አካባቢ ሰው ለእንግዳ መንገድ ለቆ፣ ማታ በሩ ላይ ሰው ሲያርፍ ዝም ብሎ፣ በማግስቱ ከብቱ ቢታመምበት አገልግሎታችሁ ለእርሱ ምን ሆነ? ለቆሻሻ ሁለት ጆንያ አንዱን ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ሌላውን መቶ እርምጃ ወደፊት አስቀምጡ። ሰው ጠጥቶ የሚጥለው እዚያ ሲደርስ ነውና።

ንፍሮ ላይ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። በዓሉ የሚውለው ኅዳር 15 በሚጀምረው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሆነ የሚቀርበው ሁሉ የጾም ነው፤ ዳቦውም ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የሌለበት መሆን አለበት። ይህ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። በድሬና በሐረር መንገድ ላይ የሙስሊም ጎረቤት አብሮ ውሃ ሲቀዳ፣ መኪና ሲሰጥ፣ እንጨት ሲፈልጥ ማየት አዲስ ነገር አይደለም፤ ሥጋ ከሌለበት ማዕድ ሁሉም አብሮ ይበላል፣ ማንም አይሳቀቅም።

ለሺህ ሰው አንድ አንድ ጭብጥ፣ ማለትም ወደ 110 ግራም፣ ለማድረስ 30 ኪሎ ስንዴና 20 ኪሎ ሽምብራ ይበቃል። 50 ኪሎ ጥሬ ሲበስል ከእጥፍ በላይ ይሆናልና። ስንዴውና ሽምብራው ለየብቻ ይቀቀላሉ፤ አንድ ላይ ከገቡ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥሬ ይሆናል። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እርሱ ነው። ያ ኖራ የሽምብራውን ቆዳ ያጠነክረዋል፤ ኖራ በሌለው ውሃ ቶሎ የሚበስለው ድሬ ላይ ብዙ ሰዓት ፈጅቶም መሐሉ ጠጣር ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው፤ 12 ሰዓት ይበቃል። ሙቀት ካለ ከዚያ በላይ ሲቆይ አረፋ ያወጣና ይኮመጥጣል። የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል፣ በአዲስ ውሃ ይቀቀላል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ድስቱ በጥሬ ከሲሶው በላይ አይሞላም፤ እህሉ ሲያብጥ ቦታ ይፈልጋል፣ ሲገነፍል ደግሞ እሳቱን አጥፍቶ ሌሊቱን ያበላሻል።

አሁን ንፍሮ የሚበላሽበትን ቦታ ልንገራችሁ። ከድስት እንደወጣ በትኩሱ ወደ ማዳበሪያ ጆንያ የሚጨመር ንፍሮ፣ እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያጣ፣ ዳገቱን ሳይጨርስ ይኮመጥጣል። ላዩ ደህና ይመስላል፤ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ስታስገቡ ግን መሐሉ ሞቅ ብሎ ያጣብቃል፣ ስታሸቱት የጠላ ድፍድፍ የሚመስል ሽታ አለው። ያ አይሰጥም። ቢያሳዝንም ይደፋል፤ መንገድ ላይ ሆዱ የተበጠበጠ ተጓዥ መጸዳጃ የለውም። እንዲህ እንዳይሆን ውሃው ተጠንፍፎ በንጹሕ ሸራ ወይም በሰፌድ ላይ ከእጅ ጣት ባልበለጠ ውፍረት ይበተናል፤ እየተገላበጠ እስኪጠፍ ድረስ ይጠበቃል፤ ከዚያ በጨርቅ በተሸፈነ ሰፊ ዕቃ ይጫናል። በአንድ ጊዜ ሁሉን ከመቀቀል ሁለት ዙር ማድረግ ይሻላል፤ አንዱ ለምሽቱ፣ ሌላው ለንጋቱ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ቆሎ አቅርቡ። ገብስና ሽምብራ ተቆልቶ ቀዝቅዞ ከተዘጋ ሳምንት አይበላሽም፣ ተጓዡም በኪሱ ይዞት ይሄዳል።

ሻዩ ቀላል ነው። ለ100 ሊትር ስድስት ኪሎ ስኳር፣ ግማሽ ኪሎ ሻይ ቅጠል፣ ቀረፋና ሄል እንደ አቅም። ከድሬ የወጣ ሰው በቆላ ልብስ ነው የሚወጣው፤ ከተማው 1,200 ሜትር አካባቢ ሆኖ ከደንገጎ በላይ ያለው መንገድ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ከሌሊት 9 ሰዓት ጀምሮ ውሃ የሚጠይቅ ይቀንሳል፣ ሻይ የሚጠይቅ ይበዛል። ከሰሉን ለዚያ ሰዓት አስተርፉት። ጥቂት ጋቢና ብርድ ልብስ ለሕፃን ላዘሉ እናቶች ማረፊያ ይሁን፤ ለመስጠት ሳይሆን ለመከለያ።

ጣቢያው የት ይቁም የሚለው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ወደ ደንገጎ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ይወርድበታል፣ ፍሬን ይግላል። ስለዚህ በኩርባ ላይ አይቆምም። ከሁለቱም ወገን መቶ ሜትር የሚያሳይ ቀጥታ፣ ከአስፋልቱ ቢያንስ አምስት እርምጃ ወጣ ያለ ሜዳ ፈልጉ። ጠረጴዛው ተጓዡ በሚሄድበት ጠርዝ በኩል ይሁን፤ ተቃራኒው ላይ ከሆነ ለአንድ ኩባያ ውሃ ብላችሁ መቶ ሰው በጨለማ አስፋልት ታሻግራላችሁ። ለሚሄድ መኪና በመስኮት ውሃ አይሰጥም፣ ከቆመ በኋላ ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ ለአራት ሰው፣ ባትሪ ከሁለቱም ጫፍ። ለቀበሌውና ለትራፊክ ፖሊስ ቀድሞ መናገር ለደንብ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲወድቅ ቀድመው የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ በሐረማያ አድርጎ ወደ ሐረር፣ ሌላው ወደ ቁልቢ። እዚያ ሁሉም ስለሚቆም ጣቢያ ይበዛል። ከእርሱ አለፍ ብሎ ማንም የማይቆምበትን ቦታ መያዝ ይሻላል፤ ሰው የሚጠማው የሚሰጠው ባለበት ሳይሆን በሌለበት ነው።

ለውሃ እምቢ የሚል ሰው ይኖራል። አትቀየሙት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም አለ፤ ሊቆርብ ያሰበ ደግሞ ከ18 ሰዓት በፊት ጀምሮ ምንም አይቀምስም። አንድ ጊዜ «ውሃ ልስጥዎ?» ማለት ይበቃል። «ትንሽ ብቻ፣ ለእኔ ሲሉ» እያሉ መለማመጥ በደግነት ስም ሰውን ከሐሳቡ ማስወጣት ነው። በባዶ እግሩ የሚሄደውም እንደዚያው፤ ስእለቱ ሊሆን ይችላልና ጫማ አይሰጠውም፣ ይጠየቃል።

እግር ማጠብ። ይህን የሞከረ ሁሉ ከሌላው አገልግሎት የበለጠ ልቡን የነካው ይህ መሆኑን ይናገራል፤ ግን በትክክል ካልተሠራ በሽታ ማስተላለፊያ ይሆናል። አንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ አሥር ሰው እግሩን እየነከረ መሄድ የለበትም። ከጆግ እያፈሰሱ ነው፤ በሰው አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፣ ሳፋው ከሥር የሚቀበል ብቻ ነው። ሁለት ሰው ይሠራዋል። አንዱ ቆሞ በቀስታ ያፈሳል፣ አንዱ ጓንት አድርጎ ያጥባል። ተጓዡ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ፣ የሚያጥበው መንበርከክ አለበት፤ ሌላ መንገድ የለም፣ የእግሩ ቁመት ያስገድደዋል። እናቶች መጀመሪያ እግራቸውን ይሰበስባሉ። «ተው ልጄ፣ ራሴ እታጠባለሁ» ይላሉ። «በረከት ላግኝ እማማ» ካላችሁ በኋላ ዝም በሉ፤ ወሬ አያስፈልግም። በተሰነጠቀ ተረከዝ ውስጥ የገባ አቧራ በአውራ ጣት ቀስ ተብሎ ካልታሸ አይወጣም። በጣቶች መካከል በደንብ ይደርቅ፣ እርጥበት ከቀረ ቆዳው ይላላና ከአምስት ኪሎ ሜትር በኋላ ይላጣል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። የፈረጠ ከሆነ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥቡት፣ በፋሻ ሸፍኑት፤ ቡና፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና አይነሰነስበትም። ቁስሉ ትልቅ ሆኖ «አላመመኝም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስኳር እንዳለበት ጠይቁት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ሕመሙ አይሰማውም፤ በመኪና ይቀጥል፣ ይህን ረጋ ብሎ ማስረዳት የእናንተ ፋንታ ነው።

ለደከመና ለላበው ኦ.አር.ኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠውን የስኳርና የጨው ዱቄት፣ ያዙ። ካለቀባችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ልሙጥ እንጂ የተቆለለ አይደለም። ጨው ሲበዛ ይጎዳል። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም በአፉ አይሰጥም፤ በጎኑ ይተኛ፣ ሰው ዙሪያውን ይልቀቅለት፣ መኪና ይጠራ። ጠበል ልርጨው የሚል ይመጣል፤ ይርጭ፣ መኪናው ግን አይዘግይ።

ስለ ሰዉ አደላደል። 12 ሰው ካላችሁ በሦስት ፈረቃ፣ በአራት አራት ሰዓት። በአንድ ፈረቃ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ያድላል፣ አንዱ ያጥባል፣ አንዱ መንገዱንና ሰልፉን ያያል። ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችል ሰው በየፈረቃው ይኑር፤ የደከመ ሰው በአፍ መፍቻው ሲናገሩት ፊቱ ይፈታል። ሁሉም ሌሊቱን ሙሉ ካልቆምኩ ይላል፤ በተለይ ወጣቶቹ። አትፍቀዱላቸው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ከቆሙ በኋላ የሚያድለው እጅ ቀና ቢሆንም አፍ ይሻክራል፣ «ሰልፉን ጠብቂ!» የሚል ቃል ይወጣል፣ ያችም ሴት ያንን ቃል ይዛ ቁልቢ ትደርሳለች። ለአገልጋዩ የሚበላ ለብቻ ይያዝ። ለሺህ ሰው አብስለው ለራሳቸው አንድ ዳቦ ሳይዙ የወጡ ብዙ ናቸው።

ማጠቢያው ላይ ማን ይቁም በሚለው ግን አቋም አለን፤ የቡድኑ አስተባባሪ ነው የሚቆመው። ማደል ምስጋና አለው፣ «ገብርኤል ይስጥህ፣ ዘርህ ይባረክ» ይባላል። ኩባያ ማጠብ ከጀርባ ነው፣ ማንም አያየውም፣ እጅ ይቀዘቅዛል። ኃላፊው እዚያ ከቆመ በማን ያድል ጠብ አይነሳም። ከሁሉም የሚገርመው ግን፣ በኋላ ስታወሩ ሰላም ተሰማኝ የሚለው ብዙ ጊዜ ያ አጣቢው ነው። ሳፋው ፊት የሚመርቅህ የለም፤ የሚቀርህ ውሃው፣ ኩባያውና ጸሎትህ ነው።

በስልክ መቅረጽን በተመለከተ፣ ጣቢያውንና ድስቱን ቅረጹ፤ የሚበላን ሰው ፊት፣ የሚታጠብን እግር አትቅረጹ። ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ የሚባለው ለሚቀበለውም ክብር ነው። ገንዘብ ሁለት ሰው ይያዝ፣ ደብተር ላይ የሰጪው ስም፣ ዓይነትና መጠን ይጻፍ። መንገድ ላይ «ይህን ለገብርኤል አድርሱልኝ» የሚል ይመጣል። የስእለት ብር ከንፍሮ ብር ጋር አይቀላቀልም፤ እንዲያውም አትቀበሉ፣ ራሳቸው እንዲያደርሱ ወይም ለሚያደርስ ዘመዳቸው እንዲሰጡ ንገሯቸው።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ሰው ባዶ ይሆናል። ያን ሁሉ ሰው ካገለገሉ በኋላ ቤት ገብቶ መቀመጥ ይከብዳል፤ አንዳንዱ ደስታው ሐሰት የነበረ ይመስለዋል። አይደለም፣ ደስታው የለመደውን ሥራ አጥቶ ነው። ስለዚህ ከመለያየታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሥራ ይሰጠው። ድል ጮራ ሆስፒታል ከገጠር የመጡ አስታማሚዎች አሉ፤ የሚቸግራቸው ብዙ ጊዜ ምግብ ሳይሆን ሳሙና፣ ስልክ መሙያና የታዘዘውን መድኃኒት ወረቀት አንብቦ በቋንቋቸው የሚነግራቸው ሰው ነው። ታማሚው ጋ ከሩብ ሰዓት በላይ አትቀመጡ፣ «ምንህን ነው ያመመህ?» እያላችሁ አታድክሙት፣ ነርሷን ሳትጠይቁ ምግብ አትስጡ፤ ለቀዶ ሕክምና የሚጠባበቅ ሊሆን ይችላል።

ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንት ውሃ መቅዳት ከሁሉ ቀላሉ ይመስላል፤ የፈረቃውን ቀን ማወቅና መድረስ ብቻ ነው። ባለ 20 ሊትሩን ሞልታችሁ ጓዳ አስቀምጣችሁ ስትወጡ ግን እማማ አንስተው መቅዳት አይችሉም፤ ሊያዘነብሉት ሲሉ ይደፋባቸዋል፣ ወይም ጎረቤት እስኪመጣ ይጠማሉ። በአምስት ሊትር ጀሪካን አራት አድርጋችሁ ሙሉላቸው፤ ከወለሉ ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጡት፤ ክዳኑንም እንዳታጠብቁ፣ ጣታቸው አይከፍተውም።